ባለ ቀበሮው ባና

መጋቢት 8 ቀን ማክሰኞ፣ ከቀኑ በሰባት ሰዓት፣ አንድ የጭነት መኪና መሐል ሜዳ ከተማ ባለው የባና ሠሪዎች ማኅበር መጋዘን በር ላይ ቆሞ ሠላሳ ባና አራገፈ። ባናዎቹ ከወር በፊት ከዚያው በር ተጭነው አዲስ አበባ የገቡ ነበሩ። ሲመለሱ ጥጋቸው ላይ የተሰፋው የጨርቅ ምልክት በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል።

ወሬውን የሰማሁት ማታውኑ በስልክ ነው። የደወሉልኝ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ እሸቴ ናቸው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ስለዚሁ ምልክት ለጋዜጣችን ስጽፍ ተዋውቀናል። "ያን ጊዜ ደስታችንን ጻፍክ" አሉኝ። "አሁንም መጥተህ የሆነውን እይ።" ረቡዕ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ሐሙስ ተነሣሁ።

መንዝን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ከመንገዱ በፊት ላስረዳ። ባና ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ጠጉሩ ግን ረዥም ነው፤ ከሁሉም ጥቁሩ ይመረጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክትና አንድ የአዲስ አበባ ገዢ ተስማምተው ለዚህ ባና ምልክት አወጡለት። ምልክቷ የሁለት ጣት ስፋት ያላት ጨርቅ ናት፤ "የመንዝ ባና" የሚል ጽሑፍና የቀይ ቀበሮ ሥዕል አለባት። የምትሰፋው ባናው ካልተነከረና ካልተቀላቀለ የአገሩ በግ ጠጉር ከተሠራ ብቻ ነው። ይህም አይበቃም። በጉን የሚያረባው ገበሬ ጓሳ በተዘጋበት ጊዜ መንጋውን ላያስገባ፣ ተዳፋት መሬቱንም ላያርስና ሣር ሊያበቅልበት ይፈርማል። ጓሳ የሣሩም ስም ነው፣ የቦታውም። ሰፊ ደጋ ሜዳ ነው፤ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ በራሱ ሕግ ይዘጋዋል፣ በራሱ ሕግ ይከፍተዋል። ይህን ለሚያከብር ሰው ባናው በተሻለ ዋጋ ይሸጥለታል።

እኔ ላየው የሄድኩት አንድ ነገር ነበር። ምልክቷ ከሄደች ገበሬው ተዳፋቱን ያርሰዋል ወይስ ይተወዋል?

ሐሙስ፣ መጋቢት 10። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን አስፋልት ነው፤ የሚጻፍ ነገር አልገጠመኝም። ደብረ ብርሃን ላይ የመሐል ሜዳው ቅጥቅጥ አውቶቡስ እስኪሞላ ቀኑ ተጋመሰ። ጾም ስለሆነ ከመናኸሪያው አጠገብ ሽሮ በላሁ። እኛ ሰፈር ከሚሠራው ይልቅ ባቄላው ይበዛል፤ ይከብዳል፣ ግን እስከ ማታ ይይዛል።

ጣርማ በር ላይ መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሰሜን ታጠፈ። ከዚያ ወዲያ ኮረኮንች ነው። በስተግራ ማሳ፣ በስተቀኝ ገደል። ገደሉን ጉም ስለሞላው ከመስኮቱ የሚታየው ነጭ ነገር ብቻ ነበር። ማሳዎቹ ደርቀዋል። በሌላ ዓመት በዚህ ወቅት የበልጉ ገብስ ከመሬት ብቅ ይል ነበር፤ ዘንድሮ ዝናቡ ስለዘገየ ብዙው ገና አልተዘራም።

ጣርማ በር ላይ ከተሳፈሩት አንዱ ከሸዋ ሮቢት የመጡ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ ጣራ ላይ አስጭነው ከጎኔ ተቀመጡ።

"ምን ይዘው ነው?" አልኳቸው።

"ሹራብ ነው። ሰልባጅ።"

"ለዚህ ብርድ ጥሩ ገበያ ይሆናል።"

"ለብርዱ መሰለህ? የመሐል ሜዳ ሰው የእኔን ሹራብ አይለብሰውም፣ ይተረትረዋል። እጅጌው ቢቀደድ፣ አንገቱ ቢላላ ግድ የለውም። ጥቁር አለህ ወይ ብቻ ነው የሚለኝ።"

"ተርትሮ ምን ያደርግለታል?"

ዞር ብለው አዩኝ። "አንተ ከወረዳ ነህ እንዴ?"

"አይደለሁም። ጋዜጠኛ ነኝ።"

"እሱማ ይብሳል" ብለው ሳቁና ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት።

መዘዞን አለፍ እንዳልን የኋላው ጎማ ፈነዳ። ክሪኩን ሲያቆሙት መሬቱ እየዋጠው አስቸገረ። አዲስ አበባ ቢሆን ግማሹ ሰው የትኬቱን ገንዘብ ሊጠይቅ ረዳቱን ይከበው ነበር። እዚህ ማንም ሳይጠይቃቸው ተሳፋሪዎቹ ወርደው ድንጋይ ተሸክመው መጡ፤ ሰይድም ጋቢያቸውን አጣፍተው አንድ ትልቅ ድንጋይ አንከባለሉ። አንዲት እናት ከመቀነታቸው የገብስ ቆሎ ፈትተው በእጄ አፈሰሱልኝና "ብላ ልጄ፣ ብርዱ ባዶ ሆድ ይወዳል" አሉኝ። መሐል ሜዳ ስንገባ መሽቶ ነበር።

ያረፍኩበት ሆቴል አልጋ ላይ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ስስ ነው። ባለቤቷን ባና እንዲጨምሩልኝ ጠየቅኳቸው።

"ባና ለሆቴል?" አሉ። "አይ፣ እሱ የቤት ነው።"

ሌላ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ደረቡልኝ። በኋላም ራሳቸው የሚደገፉበትን የበግ ሌጦ አምጥተው እግሬ ሥር አነጠፉልኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 11። መጋዘኑ ከገበያው ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ሠላሳው ባና ተጣጥፎ ግድግዳ ተደግፏል። አቶ እሸቴ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ናቸው። ከአንዱ ባና ጫፍ ሁለት ክር መዘው ክብሪት ጫሩ። አንዱ ክር የተቃጠለ ጠጉር ሸተተ፣ በጣታቸው ሲያሹት አመድ ሆነ። ሌላው ቀለጠ፤ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠብታ ቋጥሮ ደረቀ።

"ይኸው ሹራቡ" አሉ። "ከአዲስ አበባው ገዢ ላይ የገዛ ሰው ባናውን ቢያጥበው አንዱ ክር ተኮማተረ፣ አንዱ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ሁሉንም መረመሩት።"

"ጠጉር አጥታችሁ ነው?"

"ጠጉርማ አላጣንም። አስቀምጠነው ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ምልክቷ እንደመጣች ባናው በመኪና ወደ አዲስ አበባ ሄደ፣ ዋጋውም አደገ። ወዲያው ደግሞ ማንም ያላሰበው ሆነ። ሰዎች ባለ ቀበሮ ባና እያሉ መጥራት ጀመሩ። አንድ ሙሽራ ጥሎሹ ላይ ባለ ቀበሮ ባና ጨመረ። ጥሎሽ በሽማግሌ ፊት እየተዘረጋ ይታያልና ሁሉም አየው። ቀጥሎ ያገባውም ያለዚያ አልሄድም አለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ንጹሑን ባና ሠርቶ፣ ምልክት አሰፍቶ፣ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ ጀመር። ለአዲስ አበባ የሚላከው ሲያንስ የጎደለውን በሹራብ ክር ሞሉት።

"እርስዎ አላወቁም?"

"ዐውቃለሁ። ትንሽ ነው ብዬ ነው። ምልክቷን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ።"

ማክሰኞ ዕለት የገዢው ተወካይ በስልክ የነገረቻቸው እንዲህ ብላ ነው። እስከ እሑድ ሠላሳ ያልተቀላቀለ ባና ከተረከበች ምልክቷ ትቀጥላለች። ካልተረከበች ግን ማኅበሩ በምልክቷ መጠቀም ያቆማል። አንድ ባና ተፈትሎ እስኪሸመን ከወር በላይ ይፈጃል። በአምስት ቀን ሠላሳ ባና የሚገኘው ከየቤቱ ሣጥን ብቻ ነው።

ይህን ስንነጋገር አንድ ገበሬ በሩን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር። አቶ ወንድይፍራው ይባላሉ፤ የማኅበሩ አባል ናቸው፣ ቤታቸው ከጓሳ አፋፍ ሥር ነው። "ስለ ተዳፋት የምትጠይቅ ከሆነ ተዳፋቱ እኛ ዘንድ ነው" አሉኝ። "እንጀራ አይጠፋም፤ ና እንሂድ።"

የሦስት ሰዓት መንገድ ነው በእግር። ግማሽ ላይ የአንድ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ። አቶ ወንድይፍራው ከመንገድ ዳር የጓሳ ሣር ነጭተው፣ ጭናቸው ላይ አሽተው ገመድ ገመዱና ጫማዬን እንደ ጭነት ጠፈሩት።

"አዲስ አበባ መንገዱን ለጫማ ብለው ይሠሩታል" አሉ ሲያስሩ። "እዚህ ጫማው ነው ለመንገዱ የሚሠራ።"

ያ ገመድ ቤታቸው እስክንደርስ አልተፈታም።

ቤቱ የድንጋይ ነው፣ ጣራው ሣር። ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጡ እንዝርት ይዘው የበግ ጠጉር ሲፈትሉ አገኘናቸው። ለእግሬ ውኃ አሙቀው አቀረቡልኝ፤ አዲስ አበባ ለእንግዳ ቴሌቪዥን ይከፈትለታል፣ እዚህ እግሩ ይታጠባል። ራቱ የገብስ እንጀራ በስልጆ ነበር። ሁለት ልጆች አሏቸው። ሴቷ አግብታለች። ወንዱ ይታገሱ ደብረ ብርሃን የቀን ሥራ ይሠራል፤ ከፋሲካ በኋላ ቀየት ከሚባል አገር ሴት ልጅ ያገባል። ለእሱ ጥሎሽ የተሠራው ባለ ቀበሮ ባና አልጋው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ነበር።

አቶ ወንድይፍራው ከመሐል ሜዳ የሰሙትን ተናገሩ። ወይዘሮ በለጡ እንዝርታቸውን አላቆሙም።

"እና ምን አሉ፣ አምጡ?"

"አምጡ ነው የሚሉት።"

"የልጄን ጥሎሽ ለማያውቀው ሰው ሶፋ?"

"ሌላ ትሠሪለታለሽ።"

"ሌላውን ብሠራ ቀበሮዋን ማን ሊሰፋልኝ ነው? የቀየት ሰዎች ተራ ባና አመጣ ይበሉት?"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ አዲስ አበባ ያለኸው፣ ሌቦች ናቸው ብለህ እንዳትጽፍ። ከሠላሳው ሁለቱ በእኔ ክር የተሠሩ ናቸው። አልክድም። ግን ማንን ነው ያታለልኩት? ገብስ ስናጭድ ምርጡን ለዘር እናስቀምጣለን፣ የቀረውን ገበያ እናወጣለን። ምርጡን ሸጦ የተረፈውን የሚዘራ ገበሬ የት አለ? ባናውም እንዲያው ነው። የሚሸጠውና የሚቀመጠው አንድ ሆኖ አያውቅም።"

"ምልክቷ ግን አንድ ነው የምትለው" አልኳቸው።

"ምልክቷ ምርጥ ነው ነው የምትለው። ምርጥ ደግሞ ከቤት አይወጣም።"

አቶ ወንድይፍራው "ካላወጣነው እኔ ሰኞ አርሳለሁ" አሉ። "ሰማዩ ዳመና ይዟል። ዘሩ ተዘጋጅቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ ተዳፋቱን የተውኩት ባናው ይተካልኛል ብዬ ነው። የሚተካው ከሌለ ገብስ ልዘራበት ነው።"

ያን ቀን የተነጋገርነው እዚህ ላይ አበቃ። የተኛሁት መደብ ላይ ነው። የለበስኩት ባና ነበር፤ ባለ ቀበሮው ሳይሆን ሌላ፣ አሮጌ፣ ጫፉ የተበላ። እንደ ሰው ይከብዳል። ስስ ብርድ ልብስ ለለመደ መጀመሪያ ያስጨንቃል፣ በኋላ ግን ብርዱ የት እንደገባ አይታወቅም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12። ቅዳሜም ነው፣ የሚካኤል ዕለትም ነው፤ በሬ አይጠመድም። አቶ ወንድይፍራው ተዳፋቱን አሳዩኝ። ከቤቱ በላይ ያለ ቁልቁለት ነው፤ ስወጣው በእጄ ሣር እየጨበጥኩ ነበር። ሣሩ ከጉልበቴ ይደርሳል። ዙሪያውን ያሉት የጎረቤት ማሳዎች ድንጋያቸው ወጥቶ ነጥቷል። ከተዳፋቱ ሥር አንዲት ምንጭ አለች። ወይዘሮ በለጡ እንደነገሩኝ ከዓመታት በፊት ጥር ሲሆን ትደርቅ ነበር፣ መሬቱ ሣር ከያዘ ወዲህ ግን እስከ ክረምት ትዘልቃለች። ይህን ከሁለት ጎረቤቶች ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አንደኛው ግን ምክንያቱ ሣሩ መሆኑን አላውቅም፣ እግዜር ያውቃል ብሏል።

ከዚያ ወደ ጓሳ ወጣን። ንፋሱ ፊት ይቆርጣል። መቅረጸ ድምፄ ባትሪው በብርዱ ስለሞተ ከዚህ በኋላ ያለውን በእጄ ነው የጻፍኩት። ሜዳው ላይ ጅብራ የሚባለው ረዥም የደጋ ተክል እዚህም እዚያም ቆሟል፤ ከሩቅ ሲያዩት ሰው ይመስላል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ይበላሉ። እኛ አንበሳ ግቢ በትኬት የምናየውን አውሬ እዚህ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ከጓሳ ጠባቂዎች አንዱ የሆኑ ሽማግሌ አገኘን፤ ጋሼ ደምሰው ይባላሉ። ሣሩ በዚህ ዓመት ዝግ ነው። መሬቱ ላይ አዲስ የበግ ኩስ አሳዩኝ።

"ይሄ የማክሰኞ አይደለም፤ ከማክሰኞ ወዲህ ነው" አሉ። "ባናው ተመለሰ የሚል ወሬ እንደተሰማ ረቡዕ ንጋት ላይ አንዱ መንጋውን አስገብቷል። ሐሙስም ሌላ።"

"ያዙት?"

"አንዱን ያዝኩት። ምን አለኝ መሰለህ? ምልክቷ ቀርቷል እኮ አለኝ።"

"ድሮ ያለ ምልክት አልነበር እንዴ የሚጠበቀው?"

ጋሼ ደምሰው በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ድሮ ሣሩን የምንጠብቅ ለራሳችን ነበር። ለጣራችን፣ ለበጋችን፣ ለክፉ ቀን። የገባ ሰው ይቀጣል፣ ያፍራል፣ አለቀ። ከዚያ ሰዎች መጡና ይህን ብትጠብቁ እንዲህ እናደርግላችኋለን አሉ። ጥሩ ነው አልን። አሁን ወጣቱ ሣሩ የሚጠበቀው ለእነሱ ይመስለዋል። እነሱ ከሄዱ የሚጠበቅበት ነገር አልታየውም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከየት ጀምሬ ላስረዳው?"

አቶ ወንድይፍራው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

ያን ዕለት ማታ ወይዘሮ በለጡን ነገ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኳቸው። "ነገ ነገ ነው" አሉና የተቆላ ባቄላ አቀረቡልኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 13። ጠዋት ስነሣ ወይዘሮ በለጡ ቅዳሴ ሄደዋል። ሣጥኑ ክፍት ነበር።

ስብሰባው ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ሆነ። አቶ እሸቴ ከመሐል ሜዳ በበቅሎ መጥተዋል። የገዢው ተወካይ ወይዘሪት ሜሮን ትባላለች፤ መኪናዋ መንገዱ ባለቀበት ቆሞ ቀሪውን በእግሯ ነው የመጣችው። ወጣት ናት። ተረከዟ ተልጦ ያነክሳት ነበር፤ አንዲት ሴት ቅቤ ቀብታ በጨርቅ አሰረችላት።

ባናዎቹ ዛፍ ሥር በተነጠፈ ሰሌን ላይ ይቀመጡ ጀመር። አንዱ መጥቶ ያስቀምጣል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። ወይዘሮ በለጡ የያዙትን በነጠላ ሸፍነው አመጡ፤ ገልጠው አስቀመጡና ወደ ሴቶቹ ሄደው ተቀመጡ። ጥቁሩ እንደ ከሰል ነው፣ ጥጉ ላይ ቀይ ቀበሮዋ ትታያለች። ባላቸው ሲያዩ ተነሥተው እንደገና ተቀመጡ።

አጠገባቸው ሄጄ ለምን እንዳመጡት ጠየቅኳቸው።

"ለሣሩ ብዬ አይደለም፣ ለእሱም ብዬ አይደለም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከምንጯ ውኃ የምቀዳ እኔ ነኝ። በፊት በጥር እስከ ወንዙ ወርጄ ነበር የምቀዳ። ጉልበቴ አሁን ያንን አይችልም። ልጄ ያለ ቀበሮ ያግባ።"

እስከ ስድስት ሰዓት ተጠበቀ። የመጣው አሥራ አንድ ባና ነው። አቶ እሸቴ ሕዝቡን "ሌላ አለ?" ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ። የተነሣ የለም። ከመሐላቸው ቤታቸው ባለ ቀበሮ ባና እንዳለ ያረጋገጥኳቸው ሰዎች ነበሩ፤ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ከኋላ አንድ ሰው "መጀመሪያም በግ የሚበላ አውሬ በበግ ጠጉር ላይ ስትሰፉ ነው ነገሩ የተበላሸ" አለ። ትንሽ ሳቅ ሆነ።

ሌላው ቀበል አድርጎ "አንተ፣ ያበላሸው ማነው፣ ቀበሮዋ ወይስ እሸቴ?" አለው። ይህኛው ላይ የሳቀ አልነበረም።

ወይዘሪት ሜሮን ቆማ ተናገረች። አልተቆጣችም። "እኔ ባናችሁን እወደዋለሁ፤ እናቴ ቤት አለ" አለች። "የገዛን ሰው ግን አምኖን ነው የገዛው። አሥራ አንድ ይዤ ብመለስ ሠላሳ ነው ብዬ መናገር አልችልም። ምልክቷን ማንሣት አለብኝ።" ከዚያ በየቤቱ ያሉት ባናዎች ላይ የተሰፋው ምልክት ሁሉ ተፈትቶ እንዲመለስላት ጠየቀች፤ ስሙም ሥዕሉም የገዢው ስለሆነ።

"ዛሬ ሰንበት ነው፤ መርፌ አልይዝም" አሉ ወይዘሮ በለጡ ከሴቶቹ መካከል። "ነገ ፈትቼ ለእሸቴ እልካለሁ።"

ሌሎቹም እንዲያው አሉ። ወይዘሪት ሜሮን ተስማማች።

ሰው ከመበተኑ በፊት ዘጠኝ አባላትን አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ያለ ምልክቷ ተዳፋታቸውን ይተዉታል? ስድስቱ ያርሱታል። ሁለቱ ዝናቡን አይተው ይወስናሉ። አንድ አዛውንት ብቻ "እኔ ምልክቷ ሳትመጣም አላረስኩት፣ አባቴም አላረሰው" አሉ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በዚሁ ቦታ ይህን ጥያቄ ስጠይቅ፣ መሬቱ ለልጆቻችን ይቆይ የሚል መልስ ከብዙዎች ሰምቼ ጽፌ ነበር። ያን ጊዜ የሰማሁት ውሸት ነበር ለማለት ማስረጃ የለኝም። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው።

መልስ መንገድ ላይ አቶ ወንድይፍራው ባናውን ራሳቸው ተሸከሙት።

"አወጣሽው" አሉ ለባለቤታቸው።

"አወጣሁት።"

"እንዳወጣሽው ይቆጠርልሽ። ለእኔ ግን ዘሩ ነው የቀረኝ።"

"አንድ በልግ ቆይ።"

"ምን እየበላሁ ልቆይ? ዝናቡ እኔን አይጠብቅም። ልጁ ቤት ሊያቆም ነው፤ ባዶ ጎተራ ላሳየው?"

ወይዘሮ በለጡ ምንጯ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ታጠቡ።

ሰኞ፣ መጋቢት 14። አቶ ወንድይፍራው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሬዎቻቸውን ጠምደው ተዳፋቱ ላይ ወጡ። ሣሩ ሥር ስለሰደደ ማረሻው ብዙ ጊዜ ተንሸራተተ፤ አንዱ በሬ ሁለት ጊዜ ተንበረከከ። አንድ ጎረቤት ሌላ ጥማድ ይዞ ሊያግዛቸው መጣ። የተነቀለውን ሣር ወይዘሮ በለጡ ለበጎቹ ሰበሰቡት። ከዚያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ባናውን ጭናቸው ላይ ዘረጉና የምልክቷን ስፌት በመርፌ ጫፍ፣ ጠጉሩን ሳይነኩ፣ አንድ በአንድ ፈቱት። ቀበሮዋን በወረቀት ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ፤ ስመለስ ለአቶ እሸቴ እንዳደርስላቸው። ማክሰኞ ከሰዓት አድርሻለሁ።

አቶ ወንድይፍራው ለምሳ ሲወርዱ እጃቸው ተልጦ ነበር። ቁልቁለቱን ወደ ጎን እንዲያርሱ የግብርና ሠራተኛ መክሯቸው እንደነበር አነሣሁባቸው።

"ወደ ጎን ነው ያረስኩት" አሉ። "የውኃውን ፈሰስ ግን ወደ ታች ነው የማወጣው። ካላወጣሁት ዝናቡ ዘሩን ይዞብኝ ይሄዳል።"

ከሰዓት ዘሩን በተኑ፣ በማረሻ አፈር አለበሱት፣ ውኃ የሚወርድባቸውን ቦዮች፣ ማለትም ፈሰሶቹን፣ ከላይ እስከ ታች ቀደዱ። ሲጨርሱ ተዳፋቱ ላይ የቀረ የቆመ ሣር አላየሁም። ራት ላይ ወይዘሮ በለጡ ለእኔ ስንቅ በሶ ሲያዘጋጁ ባላቸውም አጠገባቸው ተቀምጠው ገብሱን ያንጓልሉላቸው ነበር። ሁለቱም ስለ ይታገሱ ሰርግ ነበር የሚነጋገሩት፤ የቀየት ሰዎች ስንት ሆነው ይመጡ ይሆን፣ ዳሱ የት ይተከል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15። ልሄድ ስነሣ አቶ ወንድይፍራው ጫማዬን በአዲስ የሣር ገመድ ጠፍረው አቀረቡልኝ። ወይዘሮ በለጡ በሶውን በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝና "ስንጠራህ ለሰርጉ ና" አሉኝ። እመጣለሁ አልኩ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዝናብ ጀመረ። አንድ ሰዓት ያህል ጠንክሮ ዘነበ። ካቆመ በኋላ ከእርሻው ግርጌ ቆሜ አየሁ። ፈሰሶቹ ሁሉ አፈር ይዘው ይወርዱ ነበር።